የሙምባይ ምሳ ዕቃ ክዳን ላይ ያለው ምልክት ምንድነው?

በሕንዷ ሙምባይ ዳባዋላ የሚባሉ ሰዎች ከየቤቱ የተሠራ ምሳ ሰብስበው ቢሮ ድረስ ያደርሳሉ። ሥራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1890 ገደማ ጀምሮ አለ። ግራ የሚያጋባው ክዳኑ ላይ ያለው ምልክት ነው። ሙሉ አድራሻ አይጻፍበትም። ፊደሉ፣ ቀለሙና ቁጥሩ ምሳው የተነሳበትን ሰፈር፣ የሚወርድበትን ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያም ሕንፃውንና ፎቁን ይናገራሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ምሳ ዕቃ ብዙ እጅ ይለዋወጣል። ጠዋት ከቤት የወሰደው ሰው በብስክሌት ጣቢያ ያደርሰዋል። እዚያ በየመድረሻው ተለይቶ ባቡር ላይ ይጫናል። ሲወርድ ሌላው ይረከበዋል። ታዲያ ሁሉም ሰው ምልክቱን በሙሉ ማንበብ የለበትም፤ የራሱን ድርሻ ካወቀ በቃ። ብልሃቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባዶው ዕቃ በዚያው ምልክት እየተመራ ወደ ቤቱ ይመለሳል።