ለኩላሊት ሕመምተኛ የፕሮቲን ልክ ምንድን ነው?

አንድ ሰው "ኩላሊትህ ደክሟል" ተብሎ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ከገበታው የሚነሳው ሥጋ ነው። እንቁላልና ወተት ይከተላሉ። ትንሽ ቆይቶ ሽሮም ይብላ አይብላ የሚል ክርክር ይነሳል። ቤተሰቡ ለሕመምተኛው አዝኖ ነው፤ መጠንቀቁም ተገቢ ነው። ግን ፕሮቲን ልክ አለው እንጂ ክልክል አይደለም። ልኩም እንደ ሕመሙ ደረጃ ይለያያል።

ሰውነት ከበላነው ፕሮቲን የሚፈልገውን ይወስዳል። የቀረው ሲፈራርስ ዩሪያ የሚባል ቆሻሻ ይወጣዋል። እሱን አጣርቶ በሽንት የሚያስወግደው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ዩሪያው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ያኔ ማቅለሽለሽና ምግብ ማስጠላት ይመጣል። በዚያ ላይ ፕሮቲን ሲበዛ የተረፉት ጤነኛ ማጣሪያዎች ከአቅም በላይ ይሠራሉ፣ ውሎ አድሮም ይጎዳሉ።

ታዲያ ስንት ይበላ? ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. መመሪያው፣ ሕመሙ ከደረጃ 3 እስከ 5 (ከመካከለኛ እስከ ከባድ) ለደረሰና የኩላሊት እጥበት ላልጀመረ አዋቂ፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም ማለት ነው። እግር ወይም ፊት ካበጠ ሚዛኑ ውሃውንም ስለሚቆጥር፣ ስሌቱ እብጠት በሌለበት ክብደት ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 48 ግራም ፕሮቲን ማለት 48 ግራም ሥጋ ማለት አይደለም። 100 ግራም ያልበሰለ ቀይ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ሩብ ኪሎ ጥብስ ብቻውን የቀኑን ድርሻ ይጨርሳል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ ይይዛሉ። እንጀራም ይቆጠራል፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 12 ግራም ገደማ አለው። ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ምሳ ምስር ወጥ፣ ማታ ሽሮ፣ ሁለቱንም በልከኛ እንጀራ የበላ ሰው ከ48 ብዙም አይርቅም። ሽሮ የሚከለከልበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። እንዲያውም ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ፎስፈረስ የተባለ ማዕድን፣ ከሥጋ ይልቅ ከጥራጥሬ ሲሆን ያነሰ ነው ወደ ደም የሚገባው። ደሙ ውስጥ ፖታሲየም የበዛበት ሰው ግን የጥራጥሬውን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

"ፕሮቲን በሽንትህ እየወጣ ነው" የተባለ ሰው ለመተካት ብሎ ሥጋ ሲጨምር አያለሁ። አይተካም። ማጣሪያው ላይ ጫናውን ያባብሳል እንጂ። የጂም ፕሮቲን ዱቄትም ያው ነው።

እጥበት ሲጀመር ነገሩ ይገለበጣል። በአንድ የማሽን እጥበት ብቻ ከ6 እስከ 12 ግራም ገደማ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ ከደም ውስጥ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ልኩ በኪሎ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ከፍ ይላል። ያ 60 ኪሎ ሰው አሁን ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልገዋል። በጣም የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የድሮውን ክልከላ ማንም ሳያነሳለት እጥበት የሚመላለስ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል። ክንዱ እየቀጠነ ውሃው ሚዛኑን ስለሚሞላው ክብደቱ የቀነሰ አይመስልም። ለእንዲህ ያለ ሰው የእንቁላል ነጩ ክፍል ጥሩ ነው፤ ፕሮቲን አለው፣ ፎስፈረሱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በጾም ወቅት እጥበት ላይ ያለ ሰው ይህን ያህል ፕሮቲን ከጥራጥሬ ብቻ ማግኘት ይከብደዋል። ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር አስቀድሞ ቢመክር ይሻለዋል። ልጆች ደግሞ የተለዩ ናቸው። እያደጉ ስለሆነ ኩላሊታቸው ቢታመምም ፕሮቲን አይቀነስባቸውም።