ባዮፊልም ባክቴሪያ ማለት ነው?

አራት ኪሎ ባዮሎጂ የሚማረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ባዮፊልም ማለት ባክቴሪያ ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም። ባክቴሪያዎቹ ነዋሪዎች ናቸው፤ ባዮፊልም ሰፈሩ ነው። «ፊልም» የሚለውም ከፒያሳ ሲኒማ ቤቶች ጋር አይገናኝም፤ ስስ ሽፋን ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የምናጠራቅምበትን ጀሪካን ውስጡን በጣታችሁ ዳስሱት። ያ የሚያሙለጨልጨው እሱ ነው።

ባሕር ላይ ነገሩ ይከፋል። ብረት የባሕር ውሃ ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ በውሃው ያሉ ፕሮቲኖችና ስኳሮች ይለብሱታል። በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያዎች ይለጠፉና ከስኳር፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ የተሠራ ሙጫ ያመነጫሉ። ሽፋኑ ሲወፍር ከሥሩ ኦክስጅን ያልቃል። እዚያ በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌት የተባለውን፣ በባሕር ውሃ ያለ የድኝ ውህድ የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እያወጡ ብረቱን ይሰረስሩታል። ዝገት ሁሉ የጨው ሥራ ነው የሚባለው ስለዚህ ትክክል አይደለም።

«ቀለም ከተቀባስ?» አለ ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የመርከብ ቀለም ብዙ ጊዜ መዳብ አለው፤ መዳቡ ቀስ በቀስ እየሟሟ ተለጣፊዎችን ይመርዛል። ሆኖም መዳብን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችና ዲያቶም የሚባሉ ረቂቅ አልጌዎች ይሰፍሩበታል። ስለዚህ ቀለም ሰፈሩን አያጠፋም፣ ነዋሪውን ይቀይራል። ቀድሞ በመርከብ ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረው ቲቢቲ የተባለ መርዝ ከመዳብ ይበረታ ነበር፤ ግን በሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ላይ የወንድ አካል ስላበቀለ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 የጸደቀና በ2008 ሥራ ላይ የዋለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከመርከብ ቀለም አግዶታል።