ግንባር ላይ የሚበራው የባቡር ቁጥር

ሎኮሞቲቭ የራሱ ቁጥር አለው፤ የሚጎትተው ባቡርም በጊዜ ሰሌዳው የወጣለት ሌላ ቁጥር አለው። መንገድ ላይ ሎኮሞቲቩ ቢቀየር እንኳ የባቡሩ ቁጥር አይለወጥም። ብዙዎቹ የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች ግንባር ላይ የሚያበሩት የሎኮሞቲቩን ቁጥር ነበር። ሳውዘርን ፓሲፊክና ዩኒየን ፓሲፊክ ግን ለረጅም ዘመን የባቡሩን ቁጥር ያበሩ ነበር፤ ለሠራተኛው ሕይወት የሚበጀውም ይኸኛው ነበር።

ምክንያቱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች የሚጋሩት ነጠላ ሀዲድ ነው። ሬዲዮ ባልነበረበት ጊዜ፣ ቅድሚያ የሌለው ባቡር ቅድሚያ ያለው ከመድረሱ ቢያንስ 5 ደቂቃ አስቀድሞ ወደ ጎን ሀዲድ ገብቶ ዋናውን መልቀቅ ነበረበት። ሌሊት ነው እንበል። ነጂው የጎን ሀዲድ ላይ ቆሞ ቅድሚያ ያለውን ባቡር ቁጥር 98ን ይጠብቃል፤ ከሩቅ መብራት ይታየዋል፤ ባቡሩ እየተንጎደጎደ ያልፋል። ያለፈው 98 ካልሆነና እሱ ነው ብሎ ከወጣ፣ ከእውነተኛው 98 ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ስለዚህ ቁጥሩ ከውስጡ አምፖል ባለው ሳጥን ላይ ይጻፍ ነበር፤ በእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ላይ ሳጥኑ ከጭስ ማውጫው ግራና ቀኝ፣ በናፍጣዎቹ ላይ ደግሞ አፍንጫቸው አካባቢ ይቀመጥ ነበር።

98 እና 99 ሳንፍራንሲስኮንና ሎስ አንጀለስን ያገናኝ የነበረው የዝነኛው የመንገደኛ ባቡር የኮስት ዴይላይት ቁጥሮች ነበሩ። ሳውዘርን ፓሲፊክ ወደ ሳንፍራንሲስኮ የሚሄደውን ሁሉ «ወደ ምዕራብ» ይለውና ለዚያ አቅጣጫ ጎዶሎ ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ ወደዚያ የሚያቀናው 99ን ይይዝ ነበር።

ተሳፋሪ ሲበዛ አንዱ ባቡር ተከታትለው በሚሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ባቡሮች ይከፈል ነበር። ያኔ ሳጥኑ 1-98፣ 2-98 ይል ነበር፤ ከመጨረሻው በቀር ሁሉም አረንጓዴ ባንዲራ ወይም መብራት ያደርጉ ነበር፤ «ከኋላዬ ሌላ አለ፣ አትውጣ» ማለት ነው። በጊዜ ሰሌዳው ላይ የሌለ ባቡር ደግሞ ነጭ ባንዲራ ሰቅሎ የኤክስን (X) ፊደልና የሎኮሞቲቩን ቁጥር ያሳይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1927 ኦሃዮ ውስጥ የተጀመረው ከአንድ ማዕከል የባቡር ምልክቶችንና የሀዲድ መቀየሪያዎችን የማዘዝ ዘዴ ሲስፋፋ፣ በኋላም ሬዲዮ ሲጨመርበት፣ የሚያልፈውን ባቡር ቁጥር በዓይን የማንበብ ፍላጎት እየቀነሰ ሄደ፤ ሳውዘርን ፓሲፊክም በ1960ዎቹ ልማዱን ተወው። በ1941 የተሠራው የኮስት ዴይላይት ሎኮሞቲቭ 4449 ግን ዛሬም ፖርትላንድ ውስጥ አለ።