«የቀንድ አውጣ ፖስታ» እና የአዲስ አበባ ሳጥኖች

«ስኔል ሜይል» የኮምፒውተር ወዳዶች ቀልድ ነው። በአማርኛ «የቀንድ አውጣ ፖስታ» እንደማለት ነው። ቴምብር ተለጥፎበት በፖስታ ቤት የሚሄደውን የወረቀት ደብዳቤ ነው እንዲህ የሚሉት። ኢሜይል በሰከንድ ሲደርስ ያኛው ቀናት፣ ሲብስም ሳምንታት ይፈጃል። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት ቤት ይመታሉ፤ አፍ ላይ ቶሎ የገባው በዚህም ይመስላል።

አባባሉ በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ከእሱ በፊት «ዩስኔል» ይሉ ነበር፤ የአሜሪካን «ዩኤስ ሜይል» ጠምዘዝ አድርገው። «ስኔል ሜይል»ን የፈጠረው ጂም ራት የተባለ አሜሪካዊ ነው የሚሉ አሉ። ጀርመኖች ግን «ሽኔከንፖስት» ያሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ትርጉሙም ያው የቀንድ አውጣ ፖስታ ነው።

አማርኛ ቀልዱን አልወሰደውም። እኛ ዘንድ «ፖስታ» አገልግሎቱም ነው፣ ደብዳቤው የሚታሸግበትም ነው። ቢሮ ውስጥ መለየት ሲያስፈልግ «በኢሜይል ላከው፣ ሃርድ ኮፒውንም አምጣ» ይባላል።

የኢትዮጵያ ፖስታ የተመሠረተው በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ ሰባት ነበሩ። አራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ ሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ጽሑፉ በገዛ ፊደላችን ነው፤ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ገዢ ቴምብር ደብዳቤ በሚልክበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ደብዳቤ አዲስ አበባ የሚደርሰው በእግረኛና በበቅሎ ነበር። በ1901 ዓ.ም. አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች።

ኢሜይል የሚሄድበት ኢንተርኔት ደግሞ እኛ ዘንድ ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ቀልዱን የፈጠሩት ሰዎች ደብዳቤ ቤታቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ደብዳቤ በአብዛኛው በር አያንኳኳም፤ ባለቤቱ ነው የሚሄደው። የመሥሪያ ቤት ማኅተምና የደብዳቤ ራስጌ ላይ «ፖ.ሣ.ቁ.»፣ ማለትም የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ የምናየው ለዚህ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ዋናው ፖስታ ቤት ሳጥኖቹ በረድፍ ተደርድረዋል። ትንንሽ በር፣ በላዩ ቁጥር፣ ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ። የራሱ ሳጥን የሌለው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በዘመድ ሳጥን ያስልክ ነበር። ውጭ አገር ልጅ ያላት እናት ብሔራዊ ቴአትር ጋ ከታክሲ ወርዳ፣ ሽቅብ ሄዳ፣ ሳጥኑን ትከፍታለች። አንዳንዴ ባዶ ነው። ሲሞላ ግን ደብዳቤው «ከናፍቆትሽ በስተቀር እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ጥቅል ከመጣ ሳጥኑ ውስጥ መጥሪያ ይቀመጣል፤ እሱንና መታወቂያ ይዞ መስኮት ላይ መሰለፍ ነው።