«እናድሰው» ከማለት በፊት፦ ስለ ጦርነት ስፍራዎች የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

አንድ የጦርነት ስፍራ በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ይመዝገብ የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ያው ነገር ይደገማል። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ስፍራውን ይጎበኛል፤ ከጉብኝቱ ማግስት ትእዛዙ ይወርዳል፦ ግድግዳው ይለሰን፣ ቀለም ይቀባ፣ ምሽጉ ይጠረግ፣ ሣሩ ይነቀል፣ በሩ ላይ ሐውልት ይቁም። በክፋት የሚያደርገው የለም። ነገር ግን ዝናብና ውርጭ በሰማንያ ዓመት ያልጨረሱትን ማስረጃ አንድ ትጉህ ግንበኛ በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እሱ ነው። በየስብሰባው የሚሰሙትን ሌሎቹን ስህተቶች ግን አስቀድመን ቶሎ ቶሎ እናንሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መዝገቡ የውበት ነው፤ የጦር ሜዳና ማጎሪያ አይገባበትም።» ከገባ ቆየ። አውሽቪትዝ በ1979፣ የሂሮሺማው ጉልላት በ1996፣ 23 የኑክሌር ሙከራዎች የተካሄዱበት ቢኪኒ አቶል በ2010 ተመዝግበዋል። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይታወቃል። በ2018 ቤልጂየምና ፈረንሳይ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መቃብሮችና መታሰቢያዎች ሲያቀርቡ፣ ከቅርብ ዘመን ግጭት ጋር የተያያዙ ስፍራዎች መዝገቡ ላይ መግባት አለባቸው ወይ የሚል ክርክር ተነስቶ ውሳኔው ተንጠለጠለ። በጃንዋሪ 2023 የመመሪያ መርሆዎች ጸድቀው ክርክሩ ተቋጨ። በዚያው ዓመት በሪያድ በተደረገው ጉባኤ 139ኙ የቤልጂየምና የፈረንሳይ የምዕራብ ግንባር ስፍራዎች፣ አራቱ የሩዋንዳ የዘር ማጥፋት መታሰቢያዎችና በቦነስ አይረስ የሚገኘው የኤስማ የማሰቃያ ማዕከል ገብተዋል።

«መቶ ዓመት መሙላት አለበት።» የለበትም። የሩዋንዳዎቹ ሲመዘገቡ ከእልቂቱ 29 ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። መቶ ዓመት የሚለው ቁጥር የሚገኘው በ2001 የውኃ ውስጥ ቅርስ ስምምነት ውስጥ ነው፤ ለሰመጡ መርከቦችና መሰሎቻቸው የተጻፈ እንጂ ለየብስ አይሠራም።

«ከተመዘገበ ንብረቱ የዩኔስኮ ነው።» አይደለም። ባለቤቱም ጠባቂውም ከፋዩም ያው አገሩ ነው።

«ገንዘቡን እነሱ ይልካሉ።» የዓለም ቅርስ ፈንድ በአብዛኛው የሚሞላው አባል አገሮች ለዩኔስኮ መደበኛ በጀት ከሚያዋጡት ከ1 በመቶ በማይበልጥ መዋጮ ነው። የእጩነት ሰነድ ለማዘጋጀት የሚጠየቀው ድጋፍ ጣሪያው 30,000 ዶላር ነው፤ ለካርታና ለጥናት ይረዳል፣ ጣሪያ አይጠግንም። ዘላቂ ገንዘብ የፈለገ የአውሽቪትዝን መንገድ ይመልከት፦ በ2009 የተቋቋመው ፈንድ 120 ሚሊዮን ዩሮ ለማሰባሰብ ተነሳ፤ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ከእሱ በሚገኘው ትርፍ ብቻ የእንክብካቤው ሥራ በየዓመቱ ይቀጥላል። አብዛኛው ስፍራ ግን ገንዘቡን ለምረቃ በዓል አውጥቶ ለአሸንዳ መጥረጊያ ያጣል።

«መዝገቡ ላይ ያለ ስፍራ በጦርነት አይነካም።» የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ በ1979 ተመዝግባ በ1991 በመድፍ ተደብድባለች። የሶሪያዋ ፓልሚራ በ1980 ተመዝግባ በ2015 ቤተ መቅደሶቿ በፈንጂ ፈርሰዋል። በጦርነት ጊዜ ዋናው ከለላ የ1954ቱ የሄግ ስምምነትና የ1999ኙ ሁለተኛ ፕሮቶኮሉ ነው፤ ሰማያዊ ጋሻ ምልክቱ የዚያ ነው። በማሊ የቲምቡክቱን መቃብሮች ያስፈረሰው አል ማህዲም በ2016 በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት 9 ዓመት ተፈርዶበታል። እንግዲህ ተግባሩ፦ የስፍራው የካርታ መገኛ ነጥብና ወሰን በሰላሙ ጊዜ ለጦሩ ይሰጥ፣ ምልክቱ ይለጠፍ፣ ግቢው ውስጥ ወታደርም ጥይትም አይቀመጥ። ወታደር የሰፈረበት ቅርስ ከለላውን ሊያጣ ይችላል።

«ደብዳቤ ከተጻፈ ያልቃል።» ስፍራው በአገሩ ጊዜያዊ ዝርዝር (አገሩ ወደፊት ለማቅረብ ባሰባቸው ስፍራዎች ዝርዝር) ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት አለበት። ሙሉ ሰነዱ እስከ ፌብሩዋሪ 1 ካልገባ ለዚያ ዙር አለፈው። ኢኮሞስ (የሐውልቶችና የታሪካዊ ስፍራዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት) ባለሙያ ልኮ ይመረምራል፤ 21 አባላት ያሉት የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የሚወስነው በቀጣዩ ዓመት ነው። ሰነዶች በብዛት የሚወድቁት በወሰን ካርታ፣ በዙሪያ ከለላ ክልል፣ በአስተዳደር ዕቅድና በንጽጽር ጥናት ነው። «የኛ ጦርነት ታላቅ ነበር» ማለት ንጽጽር አይባልም። ከታላላቅ ክስተቶች ጋር ያለ ቁርኝት የሚመዘነው በስድስተኛው መስፈርት ነው፤ ኮሚቴው እሱን ከሌላ መስፈርት ጋር ተጣምሮ ሲቀርብ ይመርጣል። አውሽቪትዝና ሂሮሺማ በእሱ ብቻ ቢገቡም፣ ሁለቱም የተረፈውን እንደተረፈ ይዘው ነው የቀረቡት። ወደ ዋናው ስህተት የሚያደርሰንም ይህ ነው።

«እንደ ጥንቱ አድርገን እናድሰው።»

የትኛው ጥንት? የሂሮሺማው ጉልላት በ1915 የተሠራ የኢንዱስትሪ ማስተዋወቂያ አዳራሽ ነበር። ወደዚያ «ቢታደስ» የሚያምር አዳራሽ ይገኛል፤ የሚመዘገብ ነገር ግን አይኖርም። የከተማው ምክር ቤት በ1966 ፍርስራሹ ለዘለቄታው ይጠበቅ ሲል ወሰነ፤ ከ1967 ጀምሮ በተከታታይ በተሠሩት ሥራዎች ስንጥቆቹ ውስጥ ሙጫ ተወጋ፣ ግድግዳዎቹ ከውስጥ በብረት ተደገፉ፤ የጎደለው ግን አልተሞላም። ፍርስራሽን እንደፈረሰ ማቆም አዲስ ከመገንባት የበለጠ ስሌትና የበለጠ ክትትል ይጠይቃል። ኮሚቴዎች ይህን መስማት አይወዱም፤ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር የለውማ።

በአንድ የኮንክሪት ምሽግ ላይ ምን እንደሚጠፋ እንቁጠር። ሙሌቱ የተደገፈበት የጣውላ አሻራ ምሽጉ በችኮላ ይሁን በዝግጅት መሠራቱን ይናገራል። የጥይት ጠባሳዎቹ ተኩሱ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ያሳያሉ። በእርሳስ የተጫሩ ስሞችና ቀኖች አሉ። 2 ሳንቲሜትር ልስን ሦስቱንም በአንድ ቀን ይቀብራቸዋል፤ ልስኑ በኋላ ሲነሳ ደግሞ የግድግዳውን ፊት ይዞት ይነሳል።

ከዚህም የሚብሰው፣ ልስኑ በሽታውን አያድንም። ኮንክሪት የሚሞተው ከውስጥ ነው። ጤነኛ ኮንክሪት ፒኤቹ (የአልካሊነት መለኪያው) ከ12 በላይ ስለሆነ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቀዋል። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ፒኤቹን ከ9 በታች ሲያወርደው ፌሮው ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚፈልግ ሽፋኑን ከውስጥ ገፍቶ ይቀርፈዋል። በባሕር ዳርቻ ያሉ ምሽጎች ላይ ጨው ሲጨመር ነገሩ ይፈጥናል። በዚህ ላይ ልስን መለጠፍ ቁስልን ሳያጥቡ መሸፈን ነው፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑም ሽፋኑም አብረው ይወድቃሉ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ግድግዳው በትንሽ መዶሻ በቀስታ እየተመታ ይደመጣል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ካርታ ላይ ይሰፍራል። ከማይታይ ጥግ አዲስ ስባሪ ተወስዶ ፌኖልፍታሊን (አልካሊን በቀለም የሚያሳይ ኬሚካል) ይረጭበታል፦ ወደ ሐምራዊ ከተለወጠ ኮንክሪቱ ገና ፌሮውን ይጠብቃል፣ ቀለም ካላወጣ አልፎበታል። የጨው መጠኑ በላቦራቶሪ ይለካል። ከዚያ የላላው ብቻ ይነሳል፤ ከፌሮው ጀርባም ወደ 2 ሳንቲሜትር ይገባል፣ አለዚያ ዝገቱ ከኋላ ይቀጥላል። ፌሮው እስኪያበራ ይጸዳል፣ መከላከያ ይቀባል። መሙያው ጥንካሬው ከነባሩ እንዳይበልጥ፣ አሸዋው በቀለምና በመጠን እንዲመሳሰል ተደርጎ በናሙና ይሞከራል። የጥገናው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል እንጂ እንደ ቂጣ ጠርዝ እየሳሳ አያልቅም፤ የሳሳው ጠርዝ መጀመሪያ ይነሳል። ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ጨው ባለበት ግን ይህም ብቻውን ወጥመድ አለው፦ አዲሱ ጥገና ውስጥ ያለው ፌሮ ሲድን፣ በጥገናው ዙሪያ በአሮጌው ኮንክሪት ውስጥ ያለው ፌሮ በፍጥነት መዝገት ይጀምራል። «ጠገንነው፣ አጠገቡ ፈረሰ» የሚባለው ይህ ነው። መፍትሔው በጥገናው ውስጥ ከፌሮው ጋር የሚታሰር ዚንክ ነው፤ በፌሮው ፈንታ እሱ ይበላል።

የጡብና የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ ከተነካ ሌላ ታሪክ ነው። በኖራ የተገነባ ግድግዳ እርጥበቱን የሚያወጣው በመጋጠሚያዎቹ በኩል ነው። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን እርጥበቱ በጡቡ ፊት ለመውጣት ይገደዳል፤ ጨውም እዚያው ይረጋና ጡቡን እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል። መሙያው አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው፣ በትዕግሥት። ጣሪያ የሌለው ፍርስራሽ ደግሞ የሚበላው ከአናቱ ነው። በ1944 ነዋሪዎቿ ተጨፍጭፈው መንደሩ እንደተቃጠለ እንዲቆይ በተወሰነባት የፈረንሳይዋ ኦራዱር ሱር ግላን ትግሉ ከዚህ ጋር ነው። የግንቡ አናት በኖራ ይታሰራል፤ አየሩ የሚፈቅድ ከሆነ ከነሣሩ የተቆረጠ 10 ሳንቲሜትር ያህል አፈር ይለብሳል። ሣሩ ውኃውን ይመጥጣል፣ ውርጩንም ያለዝባል።

የግድግዳ ላይ ጽሑፍ ባለበት ክፍል በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውኃ፣ የሽቦ ብሩሽና ኖራ ቅብ አይገቡም። መጀመሪያ መብራቱ ከጎን ተይዞ ግድግዳው ክፍል በክፍል ፎቶ ይነሳል፤ በዓይን የማይታየው ጭረት ያኔ ይወጣል።

«ዋርሶስ? ሞስታርስ?» ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። የዋርሶ አሮጌ ከተማ ከ85 በመቶ በላይ ፈርሶ እንደገና ተሠርቶ በ1980 ተመዝግቧል፤ በ1993 የፈረሰው የቦስኒያው የሞስታር ድልድይ በ2004 ቆሞ በ2005 ገብቷል። እውነት ነው። ዋርሶ የተመዘገበችው መልሶ ግንባታው ራሱ የሕዝብ ታሪክ ስለሆነ ነው፤ ሥራውም በልኬት ንድፎችና በድሮ የቀለም ሥዕሎች ተመርቶ ነው። የዓለም ቅርስ ስምምነት የአፈጻጸም መመሪያም የማያሻማ ነው፦ መልሶ መገንባት በልዩ ሁኔታ ብቻ፣ በተሟላና በዝርዝር ሰነድ፣ ያለ ግምት። «አያቶቻችን እንዲህ ነበር ይላሉ» ሰነድ አይደለም።

«ሣርና ቁጥቋጦ መንቀል መንከባከብ ነው።» የምሽግ ቦይ ከአፈር የተሠራ ቅርስ ነው፤ ሣሩ ቆዳው ነው። ሣሩ በመድኃኒት ከተቃጠለ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ጠርዙን ይወስደዋል። ሣሩ አጭር ሆኖ ይቆይ፤ በፈረንሳይ ቪሚ ሸንተረር ላይ መሬቱ ያልፈነዳ ተተኳሽ ስላለበት ሣሩን የሚያሳጥሩት በጎች ናቸው። ዛፍ ከሆነ ከመሬት እኩል ይቆረጣል፣ ጉቶው አይነቀልም፤ ሥሩ ሲወጣ የአፈሩን ንብርብር ገልብጦት ይወጣል። ጎብኚ በቦዩ ጠርዝ ላይ እንዳይሄድ መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ካስማ የማይቆፈርለት የእንጨት መረማመጃ ይዘርጋ። እዚያው ቪሚ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሸዋ ከረጢቶቹ በኮንክሪት ተተክተዋል፤ አሁን ጎብኚው ወታደሩ ያየውን ያየ ይመስለዋል።

«በብረት መፈለጊያ የተገኘውን ማንሳት ቅርስ ማዳን ነው።» ቦታው ሳይመዘገብ የወጣ ቀለህ ተራ ነሐስ ነው። ሃምሳ ቀለሆች በአንድ መስመር ሲገኙ ግን የተኩስ መስመሩ ይታወቃል። አደጋውም ቀልድ አይደለም፤ በቤልጂየሟ ኢፕር ዙሪያ ገበሬዎች ከመቶ ዓመት በኋላም የመርዝ ጋዝ የያዙ አረሮችን እያረሱ ያወጣሉ። ያገኘ ሰው አይንካ፣ ከሩቅ ምልክት ያድርግ፣ ለጦሩ ባለሙያ ያሳውቅ። አጥር ከመተከሉና ዛፍ ከመቆፈሩ በፊት መሬቱ ይፈተሽ፤ ሲፈተሽም አርኪዮሎጂስት አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን ነጥብ ይመዝግብ። በሥርዓት ከእርጥብ መሬት የወጣ ብረት ፀሐይ ላይ ቢሰጣ በሳምንታት ተሰነጣጥቆ ይበተናል። እርጥብ እንደሆነ ተጠቅልሎ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ፤ ጨዉ በአልካሊ መፍትሔ ውስጥ ወጥቶ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል።

«ስንጥቅ ካየህ ቶሎ ድፈን።» ቶሎ አይደፈንም። በስንጥቁ ሁለት ጎን መለኪያ ይጣበቅና በየወሩ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለአንድ ዓመት ሙሉ ይነበብ፤ የአየሩ ሙቀትም አብሮ ይጻፍ። ከወቅቱ ጋር ከፍቶ የሚዘጋው የሙቀት ነው፤ በጠንካራ ነገር ከተሞላ አጠገቡ ሌላ ይከፍታል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሰፋ የሚሄደው የመሠረት ነው፤ ለእሱ መፈለግ ያለበት ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከግድግዳው ሥር የሚፈሰው ውኃ ነው።