የቁስል መሸፈኛ በምን ይመረጣል?

ደረቅ ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ) ከቁስል ላይ ሲነሳ ያየ ሰው ያውቀዋል። ታካሚው ጥርሱን ይነክሳል። ነርሷ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) እያንጠባጠበች ብታላቅቀውም፣ ገና የበቀለው ስስ ሥጋ ከጎዙ ጋር ተነቅሎ ይመጣል። "ቁስል አየር ይምታው፣ ይድረቅ" የሚለው ምክር ግን ዛሬም አልጠፋም።

በ1962 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ ነገሩን በአሳማ ቆዳ ላይ ፈተነው። በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነው ቁስል፣ ለአየር ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ለበሰ። እርጥበት የሚይዙት የዛሬዎቹ መሸፈኛዎች፣ ፈሳሽ የሚመጠው ስፖንጅ መሰሉ ፎም፣ ውሃ የያዘው ዝልግልጉ ሃይድሮጄልና ፈሳሽ ሲነካው የሚዝለገለገው ተለጣፊ ሃይድሮኮሎይድ፣ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ታዲያ ምርቱ ሲበዛ ምርጫው ከበደ። ሁሉም ካርቶን "ፈዋሽ ነኝ" ይላል። ነርሷ መጠየቅ ያለባት ሁለት ነገር ነው፤ ከምን ጋር ተነጻጸረ? የተለካውስ ምንድን ነው?

ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙዎች ይዘሉታል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ጥናት የዝንብ እጭን ከሃይድሮጄል ጋር በእግር ቁስል ላይ አነጻጸረ። እጮቹ የሞተውን ሥጋ ቶሎ ጠረጉት። ቁስሉ ግን በዚህ የተነሳ ፈጥኖ አልዳነም፤ ሕመሙም ባሰ። ቁስሉ ከሞተ ሥጋ መጽዳቱን ብቻ ለለካ ሰው እጮቹ አሸናፊ ነበሩ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የብር ማዕድን ያለበትን መሸፈኛ ብር ከሌለው ጋር በ213 ታካሚዎች ላይ ፈተነ። የደም መላሽ ሥር ችግር ባመጣው የእግር ቁስል ላይ፣ በ12 ሳምንት የዳኑት ብዛት ይህን ያህል አልተለያየም። ብሩ ወጪውን ብቻ አናረው። እንዲህ ላለው ቁስል ዋናው መድኃኒት እግሩን ጠበቅ አድርጎ በፋሻ መጠቅለል ነው። ግን አስቀድሞ ወደ እግር የሚወርደው ደም በቂ መሆኑ ይታይ፤ ደም ቅዳው የጠበበበትን እግር ማጥበቅ ጣት ሊያሳጣ ይችላል። የስኳር ታካሚ እግር ሥር ያለው ቁስልም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ምንም ይለጠፍበት፣ ሰውየው እየረገጠው አይድንም።

ለብዙዎቹ ምርቶች ያሉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው አያስበልጡም። ያኔ ነርሷ ቁስሉን ታያለች። ፈሳሽ ከበዛው ፎም፣ ከደረቀ ሃይድሮጄል። ዋጋም ይቆጠራል፤ ግን በአንድ ፍሬ ብቻ አይደለም። 3 ቀን የሚቆየው ውድ መሸፈኛ፣ ለጎዝ ቅያሪ በየቀኑ ታክሲ ለሚከፍል ሰው ሊረክስ ይችላል።