ቃጫው ለምን ከሬዚኑ ይሾልካል? ስለ ኮምፖዚት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎጃም ውስጥ የቤት ጭቃ ቸኩለው አይመርጉትም። የጤፍ ጭድ ይገባበታል፣ ይረገጣል፣ ለቀናት ይተዋል፣ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ እስኪለሰልስና ከጭቃው ጋር እስኪዋሃድ ነው የሚጠበቀው። ባህር ዳር ላይ በቃጫና በፖሊስተር ሬዚን (ፈስሶ የሚደነድን ሙጫ መሰል ፈሳሽ) ኮምፖዚት፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ተዋህደው የሚሠሩትን ቁስ፣ የሚሞክሩ ልጆች ሲጠይቁኝ፣ መጀመሪያ የማነሳላቸው ይህንን ጭቃ ነው፤ ጭዱ እንደ ቃጫው፣ ጭቃው እንደ ሬዚኑ ነው። ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ ቃጫው ጠንካራ ነው፣ ሬዚኑም ጠንካራ ነው፣ ታዲያ ለምን ተሰበረ?

"ሬዚኑ ከበዛ በደንብ ይይዛል"

አይይዝም። ዋናውን ሸክም የሚችለው ፋይበሩ (እዚህ ቃጫው) ነው። ሬዚኑ ሸክሙን ከአንዱ ፋይበር ወደ ሌላው ያሻግራል፤ የሚያሻግረው ደግሞ ሁለቱ በሚነካኩበት ገጽ ነው። ገጹ ካልያዘ ባልዲ ሙሉ ሬዚን ብታፈሱም ብር ማባከን ነው።

የተሰበረውን ናሙና ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ቃጫዎቹ እንደ ብሩሽ ፀጉር ብቅ ብለው፣ ለስላሳና ንጹህ ከሆኑ ሾልከው ነው የወጡት። የሬዚን ፍርፋሪ ከተጣበቀባቸው ግን መያያዙ ደህና ነው። ለመጀመሪያ ፍተሻ አጉሊ መነጽር ይበቃል።

"ቃጫውን በውሃ አጥቦ ማድረቅ በቂ ነው"

ውሃ አቧራውን እንጂ ቃጫው ላይ በተፈጥሮ ያለውን ሰም አያነሳም። ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ የምንዘፈዝፈው ለዚህ ነው። ሶዳው ሰሙን፣ እንዲሁም ክሮቹን እርስ በርስ ካጣበቋቸው ነገሮች ሄሚሴሉሎሱንና ከሊግኒኑ የተወሰነውን ያነሳል። ገጹ ይሻክራል፣ ጥቅሉ ወደ ቀጫጭን ክሮች ይፈታታል፣ ሬዚኑም መግቢያ ያገኛል።

ማድረቁም ቀላል ነገር አይደለም። የደረቀ ቃጫ እርጥበት ባለው አየር ላይ ካደረ የክብደቱን አንድ አስረኛ ያህል ውሃ መልሶ ይጠጣል። በክረምት እባካችሁ ከኦቨን እንደወጣ ተጠቀሙበት።

"ሶዳው በበረታ ቁጥር ይሻላል"

ይሄኛው ብዙ ልፋት ያበላሻል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው 5 በመቶ አካባቢ ሶዳ ካለበት ውሃ ነው። ሶዳው በጣም ከበረታ ወይም ቃጫው ብዙ ከቆየበት ጥንካሬውን የሚሰጠው ሴሉሎስ ራሱ ይበላል። ያን ጊዜ በእጅ ስትስቡት ብጥስ ይላል። ዘፍዝፋችሁ ስታበቁ ሶዳው እስኪለቅ ቃጫውን ደጋግማችሁ እጠቡ፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት አቼቶ ያለበት ውሃ ይረዳል። የቀረ ሶዳ ፖሊስተሩን ያጠቃል።

ጓንትና መነጽር አድርጉ። ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አታፍስሱ፤ ፈልቶ ይረጫል።

"ለሁሉም ፋይበር አንድ መድኃኒት ይሠራል"

አይሠራም። ለሬዚን የሚመረተው የመስታወት ፋይበር ከፋብሪካ የሚወጣው ሲሌን የሚባል ኬሚካል ያለበት ቅብ ተቀብቶ ነው። ሲሌን በአንድ እጁ መስታወቱን፣ በሌላው ሬዚኑን ይይዛል። ሶዳ ውስጥ ከከተታችሁት ቅቡም መስታወቱም ይጎዳል። በሬዚን ምትክ የሚገባው፣ ማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ውሃ ስለማይወድ ከቃጫ ጋር አይግባባም። እዚያ ላይ ማሌይክ አንሃይድራይድ የሚባል፣ ከቃጫው ጋር የሚያያዝ ኬሚካል የተገጠመለት ፖሊፕሮፒሊን በትንሹ ይቀላቀላል።

"መያያዙ ጥብቅ በሆነ ቁጥር ጥሩ ነው"

ለማይታጠፍ ሰሌዳ ጥብቅ መያያዝ ጥሩ ነው። መመታት ላለበት ዕቃ ግን ልኩን ካለፈ ስንጥቁ ፋይበሩን ቆርጦ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ዕቃው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ፋይበሩ ትንሽ ሲንሸራተት ግን የምቱን ኃይል ይውጠዋል። ጥይት የሚከላከል ሰሌዳ የሚሠሩ ሰዎች መያያዙን ሆን ብለው ላላ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው።